አሥራ ሁለቱ ባዶ ናሙናዎች

ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» ነው የምለው፣ ለዚያውም ወገቤን ሰበር አድርጌ። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ያከበርኩት ይበቃዋል።

ዶክተር መምዱሕ ሲራግ ከጀርመን ሲመለስ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበር። የእስክንድርያ ወደብ ጉምሩኮች ሁለት ወር ካመላለሱት በኋላ አንድ ግዙፍ የእንጨት ሣጥን ኢንስቲትዩታችን በር ላይ አስራገፈ። ውስጡ ዙሪያውን ክብ መስኮቶች ያሉት የብረት ጋን ነበር። ጉምሩኮቹ የአረቄ ማውጫ መስሏቸው ነው አሉ ያጉላሉት። እኔ ያኔ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ፓምፕ ያውቃል ተብዬ ለእሱ ተመደብኩ።

«አም ሸሓታ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ግን ሠራተኛ ሁሉ «አም»፣ አጎት ነው የሚባለው። «ሥራህ ከዚህ ጋን ውስጥ ሁሉንም ነገር ማውጣት ነው። አየሩን ጭምር።»

«ታዲያ ምን ሊቀር ነው ዶክተር?»

«ምንም።»

«ምንም ለሚባል ነገር ነው ይህ ሁሉ ጣጣ?»

እስኪያስለው ሳቀ። ያኔ እንዲህ ይስቅ ነበር።

ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይህን አልክድም። ጋኑን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ከላይ እስከ ታች እንሸፍንና የማሞቂያ ሽቦ ጠምጥመንበት ሦስት አራት ቀን እንጋግረዋለን፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እርጥበት ተንኖ በፓምፑ እንዲወጣ ነው። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ በሩን ገፋ አድርጎ «ኩናፋው አልደረሰም?» ይላል፤ ኩናፋ በትሪ የሚጋገር ጣፋጭ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያንኑ ቀልድ ሰምቼ ሃያ ስድስት ዓመት ፈገግ ብያለሁ።

ከጋኑ ሕግ ሁሉ የሚበልጠው የጣት ሕግ ነው። ራቁት ጣት ውስጡ የሚገባ ዕቃ ከነካ፣ ለዓይን የማይታየው ላብና ቅባት ለሳምንታት እየተነነ ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጓንትና በወረንጦ ነው። ሕጉ ትክክል ነው። ግን እኛ ክፍል ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ጣት የነካው ሆነ፤ ጣቱም የእኔ ሆነ። መብራት ሄዶ ፓምፕ ሲቆም «ሸሓታ ምን ነካ?» ይባላል። ተማሪ ቁጥር ሲሳሳት «ሸሓታ ነክቶት ይሆናል» ይባላል። ዲግሪ ያለው ሰው ጣት የለውም መሰለኝ። እኔም ስቄ አሳልፈው ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ምግብ አይወርድልኝም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ረፋድ ላይ ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ እንደ በቆሎ እሸት ፍሬ የተደረደሩ ክብ ነገሮች ይታያሉ። «እነዚህ የወርቅ አቶሞች ናቸው» አለኝ። «አንተ ባጸዳኸው ጋን ውስጥ ነው ያየናቸው፣ አም ሸሓታ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለ ወርቁ ገጽ ማውራት ከጀመረ ምሳውን ይረሳል። ዝገቱ፣ ማጣበቂያው፣ የሳሙናው ሥራ፣ ሁሉም የሚሆነው ገጹ ላይ ነው፤ ውስጡማ ተኝቷል፣ ይል ነበር። ያን ሰውዬ እወደው ነበር። ባልወደው ኖሮ የኋላው ነገር ይህን ያህል አያንገበግበኝም ነበር።

ስሙን ያስጠራው ግን ንጹሁ ወርቅ አይደለም። በስምንተኛው ዓመት አንድ ሞለኪውል ይዞ መጣ፤ ከፀጉር ውፍረት ሃምሳ ሺህ ጊዜ የሚያንስ ነገር። በሁለት ስስ የወርቅ ንጣፎች መካከል ይህ ሞለኪውል አንድ ረድፍ ይነጠፍና ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ቮልቴጁ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ሞለኪውሉ ይዘረጋና ያሳልፋል፣ ሲቀንስ ይታጠፍና ይዘጋል። ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ቢሳካ የነገው ኮምፒውተር ከጨው ፍሬ ሊያንስ ነው ተባለ። ሞከርነው፤ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ፣ ዶክተር መምዱሕም ለሁላችንም ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቶ መጣ።

የቀረው ባዶውን መለካት ነበር። ባዶ የምንለው ያ ልዩ ሞለኪውል የሌለበትን ናሙና ነው፤ በቦታው ሰም መሰል ተራ ሽፋን ይገባል። ባዶው ካልበራ የሚያበራው ሞለኪውሉ ነው ማለት ነው። ባዶው ከበራ ግን ሞለኪውሉ ሥራ ፈት ነው፣ ነገሩ ሁሉ አበቃ። ባዶ በመለካት ስሙን ያስጠራ ሰው የለም፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ለቴክኒሻን ይጣላል። ረመዳን ነበር። ሁሉም ለኢፍጣር ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኔ አሥራ ሁለት ባዶዎች አንድ በአንድ ለካሁ። ዘጠኙ በሩ። በፓምፑ የጥገና ደብተር ጀርባ ላይ «ከአሥራ ሁለት ዘጠኝ» ብዬ ጽፌ ጠዋት ወሰድኩለት።

ደብተሩን ብዙ አየው።

«ጓንት አድርገህ ነበር?»

«አዎ ዶክተር።»

«አዲስ?»

«አዲሱ አልቋል። የታጠበውን ነው ያደረግኩት።»

«የታጠበ!» ብሎ እጁን ፀጉሩ ውስጥ ከተተ። «ሸሓታ፣ ሸሓታ! ዘጠኙን በጣትህ ጨረስካቸው። ቅባት ነው ያበራኸው። ሦስቱ ብቻ ናቸው ንጹህ።»

አመንኩት። ጓንቱ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ነበረው መሰለኝ አልኩ። እንዲያውም ትንሽ ቆይቶ ቀዳዳው ትዝ አለኝ፤ ሰው ሲያፍር የሌለውም ትዝ ይለዋል። ጽሑፉ ሲታተም «ንጹህ ባዶ ናሙናዎች አልበሩም» ይላል። ስለ ዘጠኙ አንድ ቃል የለም። ሦስቱ በእርግጥ አልበሩም፣ ስለዚህ ዋሸ ሊባል አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ ጃፓን ድረስ ለንግግር ተጠራ። ፕሮፌሰር ሆነ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ፣ የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር ሆነ። ተማሪ ሁሉ ጽሑፉን ሲያሳትም የእሱን ስም መጀመሪያ ያደርጋል፤ ያላደረገ ጽሑፉ የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀላፋ ይከርማል። ቤተ ሙከራ መግባት ተወ። ነጭ ካፖርቱ ካሜራ ሲመጣ ብቻ ከመንጠቆው ይወርዳል። እኔን «አም» ማለቱንም ተወው፣ ሸሓታ ብቻ ሆንኩ። አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ ግን የዘጠኙ ታሪክ ይነገራቸዋል፤ በጣቱ የዓለም ግኝት ሊያበላሽ የነበረ ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ።

ነርሚን ዛህራንም እንደ ሌላው ነግረዋት ነበር። ከደመንሁር በባቡር የምትመላለስ የፋርማሲስት ልጅ ናት። ለዶክትሬት የመጣች ዕለት በሩ ላይ ቆማ «እኒያ ታዋቂው ጣት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ዶክቶራ። ፊርማ ትፈልጊያለሽ?»

ሳቀችና ከቦርሳዋ የፉል ሳንድዊች አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳንድዊች ነው ይዛ የምትመጣው።

የተሰጣት ሥራ የዶክተር መምዱሕን ማብሪያ ማጥፊያ ማሻሻል ነበር። ምዝገባው አምስት ዓመት ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ያልጨረሰ ስሙ ይሰረዛል፣ የደከመበትም ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። አራቱ ዓመት ሲያልፍ እጇ ላይ ምንም አልነበራትም። የምትለካው ነገር አልበራ ብሎ አይደለም። ይበራል። ሞለኪውሉን አጠረችው፣ አስረዘመችው፣ ሌላ ዓይነት አደረገችው፤ ሁሉም በዚያው ቮልቴጅ ይበራል፣ በዚያው ይጠፋል።

«አም ሸሓታ» አለችኝ አንድ ቀን ፎይል እየጠቀለልን፣ «በሩን ቀየርኩ፣ ቁልፉን ቀየርኩ፣ ሌባው ግን በዚያው ሰዓት ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ባዶዎቹን የለካው ማን ነው?»

«ጣቱ ነዋ» አልኳት።

«ቀልዱን ይተዉትና ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። የጥገናውን ደብተርም አውጥቼ አሳየኋት፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ቁጥሩን በጣቷ ተከትላ አነበበች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። የማዘን አስተያየት አልነበረም። ሰው አጠገቡ የነበረን ነገር ገና ሲያይ እንዲህ ነው የሚያየው።

አሥራ ሁለት አዳዲስ ባዶዎች ሠራች። እኔን አላስነካችኝም። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር አስምራ «ይቅርታ አም ሸሓታ፣ ከዚህ መስመር ወዲህ እንዳያልፉ። በኋላ ማንም አፉን እንዳይከፍትብዎ ነው» አለች። ከመስመሩ ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየኋት። ጓንቱን ከታሸገው ፓኮ ነው ያወጣችው፣ ለየናሙናው አዲስ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ በሩ። ናሙናዎቹን ካይሮ ወስዳ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ፎቶ አስነሣቻቸው። ፎቶው ላይ ከላይኛው ወርቅ ወደ ታችኛው የተዘረጋ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ይታያል። ኤሌክትሪኩ ሲገፋው ወርቁ ራሱ እየተሳበ ድልድይ ይሠራል፤ ሲበዛበት ድልድዩ ይበጠሳል። በራ፣ ጠፋ። ሞለኪውሉ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

«ጣትዎ ንጹህ ነበር» አለችኝ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። አሥራ ስምንት ዓመት! ተማሪ ሲስቅብኝ፣ ፓኮ ጓንት ፊቴ ላይ ወርውረው «ይኸው ለአንተ» ሲሉኝ ቆይቻለሁ። አሁን ይህች ልጅ ትክክል ከሆነች እኔም ትክክል ነኝ። እሷ ዶክትሬቷን ታገኛለች፣ እኔ እጄን አገኛለሁ። ሌላ የሚያስፈልገን ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው አዎ ቢል በቂ ነበር።

እሑድ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ የዶክተር መምዱሕን ቢሮ ማቀዝቀዣ እየጠገንኩ ሳለ ፎቶዎቿን ይዛ ገባች። እሱ ያን ሰሞን ስድሳ ሊሞላው ነው፣ ለትልቅ ሽልማትም ታጭቷል። ለሽልማቱ የቀረበው ያው ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

«ዶክተር፣ የሚያበራው ሞለኪውሉ አይደለም። ወርቁ ነው» አለችው፣ ሳትቀመጥ።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ፊቱን አየሁት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም። ፎቶውን አንሥቶ ድሮ እንደሚያውቀው ሰው ፎቶ አየውና አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያውቅ ነበር። ከዚያ ከረመዳኑ ጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ዘጠኙን ጣቴ ላይ የጫነው እያወቀ ነው። መፍቻውን ይዤ የማቀዝቀዣውን ብሎን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

«ነርሚን፣ ልጄ» አለ፣ «ያን ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳነበበው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አንደኛዋ እኔ ነኝ። አራት ዓመት አነበብኩት።»

«እና እነዚያ ሁሉ ሞኞች ናቸው?»

«ሞኝ የሚል ቃል አልወጣኝም። ባዶውን አልለኩም ነው የምለው።»

«ማክሰኞ ሴሚናርሽ ነው አይደል? እዚያ እንየዋ። ሻይ ትጠጫለሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ» ብላ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ቀና አለ። «አም ሸሓታ፣ ውረድ እስቲ።» ከስንት ዓመት በኋላ «አም» ሲለኝ ወዲያው ወረድኩ። «ይህች ልጅ ጎበዝ ናት። ግን ማክሰኞ ኮሚቴው ይቀመጣል። ጥፋቱ የእሷ ነው ካሉ ይሰርዟታል፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። የሆነ ሰው ሳያውቅ ነክቶባት ከሆነ ግን አደጋ ነው። ለአደጋ አንድ ዓመት እጨምርላታለሁ። ልጅቷን ማዳን ነው።»

መሰላሉን አጠፍኩ።

«አዛስ እንዴት ናት?» አለኝ።

አዛ ልጄ ናት። የእኛው ኢንስቲትዩት የድኅረ ምረቃ ምዝገባ ቢሮ ውስጥ በዓመት ኮንትራት ትሠራለች፤ እሱ ነው ያስገባልኝ። «ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«ቋሚ የሚሆኑት ዝርዝር በዚህ ሳምንት ለፊርማ ይመጣልኛል» አለና መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ሰኞ ዕለት ነርሚን «ማክሰኞ ደብተሩን ይዘው ይምጡልኝ» አለችኝ። «ሲጠየቁ ተነሥተው የጻፉትን ማንበብ ብቻ ነው። እሺ?» እሺ አልኳት። እንዲያውም «የሠርግ ሱፌን ነው የምለብሰው» ብዬ አሳቅኳት።

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም ብሏል። ደብተሩን ኮቴ ውስጥ ይዤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሚን ሃያ ደቂቃ ተናገረች፤ ድምጿ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። የወርቁ ክር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከፊት የተቀመጡ አንድ የኬሚስትሪ ሽማግሌ «ይህ ቀላል ነገር አይደለም» አሉ ጮክ ብለው። እውነቱ ሁሉም ፊት ቆሞ ነበር። ሊያምኗት ነበር፣ አየሁት።

ዶክተር መምዱሕ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ነርሚን ልጄ ናት» አለ ፈገግ ብሎ። «ልጅ ደግሞ ይቸኩላል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ከመለካትሽ በፊት በነበረው ሐሙስና ዓርብ ናሙናዎቹ የት አደሩ?»

«ታሽገው ነበር» አለች። ዓይኗ ግን ለአፍታ ወረደ።

«ታሽገው። የክፍሉ ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ ነው?»

ሳቅ ተነሣ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። «ሸሓታ፣ እስቲ ተነሥ» አለኝ። «ሐሙስ ዕለት ነክተሃቸዋል ወይስ አልነካህም?»

ተነሣሁ። ነርሚን ከመድረኩ ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አይዞዎት፣ ያውጡት ማለቷ ነው። እጄ ደብተሩን በኮቴ ላይ ዳሰሰው።

«ናሙና የሚቀመጥበትን ማድረቂያ ሳጸዳ…» አልኩ፣ «ሣጥናቸውን ከፍቼ አንሥቻቸው ነበር። ጓንት አላደረግኩም።»

አዳራሹ ፈነዳ። አንዱ «አይ ጣቱ!» ሲል ሰማሁ። ሌላው «በጡረታ ጊዜ ጣቱን ሙዚየም እናስገባዋለን» አለ። ሽማግሌው ኬሚስት መነጽራቸውን አወለቁና ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። ዶክተር መምዱሕ እጁን አንሥቶ ሰዉን ዝም አሰኘና «የእሷ ጥፋት አይደለም፣ አደጋ ነው። አንድ ዓመት ይጨመርላት» አለ። አንዳንዶቹ ለደግነቱ አጨበጨቡለት። ነርሚን ማጥፊያውን ተጭና ስክሪኑን አጠፋችው።

ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች።

«ልጄ» አልኳት፣ «ሊሰርዙሽ ነበር። በእኔ ይውጣ ብዬ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ።»

«አም ሸሓታ፣ ሐሙስ ዕለት ሣጥኑ ማድረቂያው ውስጥ አልነበረም።»

«ማለት?»

«እኔ ቤት ነበር። መብራት ይጠፋል ስላሉ አሽጌ ደመንሁር ወስጄው ነበር። ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ብናገር ናሙና ይዛ በባቡር ዞረች ብለው በዚያው ይጨርሱኛል። ደግሞም በሰው ሁሉ ፊት እርስዎን ውሸታም ልልዎ ነው?»

«አዳንኩሽ እኮ» አልኩ።

«ተሳስተሻል ቢሉኝ እንደገና እለካ ነበር» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ሺህ ጊዜ ለክቼ አሳያቸው ነበር። የእርስዎን ቃል ግን በምን ልለካው? ከእነሱ ሁሉ እውነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ደብተሩስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ኮቴን አየችው፣ ከዚያ ፊቴን አየችው። «ደኅና አድርገው ይጠብቁት» ብላ ወረደች። ባቡሯ እንዳያመልጣት ፈጠን ፈጠን እያለች ነበር።

ለሷ ብዬ ነው እላለሁ፣ ለራሴም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ውሸት ነው። አዛንም ብዬ ነው፣ ያም ግማሹ ነው። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ያ ሰውዬ «ተነሥ» ሲለኝ አፌ የለመደውን ተናገረ። ሃያ ስድስት ዓመት ጥፋት ስቀበል ኖሬ አንድ ቀን አልቀበልም ማለት አቃተኝ። ፈሪ ነኝ። ፈሪነቴን ደግነት ብዬ ለአንዲት ልጅ ሸጥኩላት።

የተጨመረው ዓመት ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ሞለኪውሉ እንደሚያበራ አድርጋ እንድትጽፍ። አልጽፍም ብላ ትታ ሄደች። ዶክተር መምዱሕ ሽልማቱን ወሰደ፤ ንግግሩ ላይ አብረውት የለፉትን ሁሉ ሲያመሰግን «እስከ ጥገና ሠራተኛው ድረስ» አለ። ዓመት ሳይሞላ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ያንኑ የወርቅ ክር አግኝተው አሳተሙ፤ ባዶውን የለካችው አንዲት ተማሪ ናት፣ ስሟም መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። የእኛው ሰው ክፍል ገብቶ ለተማሪዎቹ «እኛም ከጥንቱ እንጠረጥር ነበር» አላቸው። እኔ ከኋላ የፓምፑን ዘይት እየቀየርኩ ነበር፤ ማንም ዞሮ አላየኝም።

አዛ ቋሚ ሆነች። ባለፈው ዓርብ ምሳ ላይ ነበርን፣ እሷ የሠራችው ዓሣ በሩዝ ቀርቧል፣ ስለ ሥራዋ ታወራልኛለች። ሐሙስ የምዝገባ ስረዛ ደብዳቤዎች ሲጽፉ መዋላቸውን ነገረችኝ።

«አባ» አለችኝ፣ «ነርሚን ዛህራን የእናንተ ክፍል ልጅ አልነበረችም? ደብዳቤዋን እኔ ነኝ የጻፍኩት። አራት ዓመት ተኩል ተምራ ምን ሆና ነው የተወችው?»

የዓሣውን አጥንት ከአፌ አወጣሁና ሣህኑ ዳር ላይ አስቀመጥኩት።

«ትምህርቱ ከበዳት መሰለኝ» አልኳት።

«ሚስኪን» አለች ልጄ፣ እና ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።